ከመጨረሻው ፊሽካ በፊት

የእህቴ ባል ቨርሊን ስታውፈር ፈሪ ነው ብል ሃርስተን ከተማ ውስጥ የሚያምነኝ የለም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስር ተጋድሞ ሲጠግን ነው የኖረው። አንድ ቀን ክሪኩ ሸርተት ብሎ አውቶቡሱ ደረቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ተንፏቆ ወጣና፣ የጀመረውን ቡና ጨርሶ ተመልሶ ገባ። ግን ፈሪ ነው። እህቴን አርዲስን ካገባ ጀምሮ አጥር ለአጥር ስለኖርን እኔ አውቀዋለሁ። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔና አርዲስ ከአፉ የሰማነው መብረቁ የመጣ ቀን ነው።

ሽመላዎቹ የሚባለው የሃርስተን ኮሌጅ ቡድን ነው። ሞላላዋን ኳስ ይይዛሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፤ ከሦስቱ የሚዋጣላቸው ሦስተኛው ነው። ኮሌጁ መጥፎ አይደለም፣ ጥሩ ጥሩ ነርሶች ወጥተውበታል። ኳሱን ግን እግዜር አልሰጣቸውም። አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ለከተማው ጋዜጣ ፎቶ ይነሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። በሜዳቸው ያሸነፉበትን ቀን የሚያስታውስ ተማሪ ግቢው ውስጥ የለም፤ ያኔ የነበሩት ሁሉ ተመርቀው፣ አግብተው፣ ወልደዋል።

ቨርሊን እዚያ ኮሌጅ አንድም ቀን አልተማረም። ታዲያ ከእነሱ ጋር ምን አገናኘህ ስለው፣ ጎረቤቶቼ ናቸው ይለኛል። እኔም ጎረቤቱ ነኝ፤ የጣሪያዬን አሸንዳ እንዲጠግንልኝ የለመንኩት ካለፈው በጋ በፊት ነው።

ስታዲየሙ በምሥራቅ በኩል የብረት መቀመጫ አለው፤ እዚያ የሚቀመጡትን ሰዎች ከተማው ‘ቀሪዎቹ’ ይላቸዋል። ቀሪዎቹ አንድ ሕግ አላቸው። ቡድኑ የቱንም ያህል ይሸነፍ፣ የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ ከመቀመጫው ተነስቶ የሚሄድ የለም። ሌላው ሕዝብ በእረፍት ሰዓት ወደ መኪናው ሲጎርፍ እነሱ ኮታቸውን ጠቅልለው ይቀመጣሉ። ሲያልቅ ቆመው የኮሌጁን መዝሙር ለባዶ ሜዳ ይዘምራሉ። ቀድሞ የተነሳ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ “እንግዳችን መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት” ይሉታል። የቨርሊን ጓደኛ ኦሪን ታክ አንድ ጊዜ ሚስቱ ምጥ ይዟት ተነስቶ ሄደ። ያን ቀን የተወለደው ልጅ ዛሬ ጺም አብቅሏል፤ ኦሪንን ግን አሁንም አልፎ አልፎ እንግዳ የሚሉት አሉ።

ቨርሊን ተነስቶ አያውቅም። ልጃቸው ጆሊን ያገባችው በኳስ ወራት፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። አባቷ ክንዷን ይዞ ወደ መሠዊያው አደረሳት፣ ሳማት፣ ከዚያ ኬኩ ሳይቆረስ ጠፋ። የሠርጉን ፎቶዎች ብታዩ ሙሽራዋ አባት የሌላት ነው የምትመስለው። እስከ ገና አላናገረችውም። ጉልበቱም የሄደው በዚያ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነው። ካቻምና ክረምት ደግሞ በረዶ ሲዘንብበት ውሎ የሳንባ ምች ያዘው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪሙ አርዲስን ወደ ኮሪደሩ ጠራትና ልጅሽን አስጠሪ አላት። ተረፈ። ሐኪሙ ሲያሰናብተው፣ ሁለተኛ እንደዚያ ረጥበህ ብርድ ቢመታህ አትመለስም ብሎ በግልጽ ነገረው።

ቨርሊን ለሐኪሙ እሺ አለ። በሚቀጥለው የኳስ ወራት መቀመጫው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አርዲስ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው መሄድ ጀመረች፤ ስታዲየሙ ውስጥ ግን አትገባም። ፒክአፑን መውጫው አጠገብ ታቆማለች፣ ማሞቂያውን ታበራለች፣ ሬዲዮውን ትከፍታለች፣ ሹራቧን እየሠራች ትጠብቃለች። አንድ ነገር ቢሆን ቅርብ ልሁን ነው የምትለው። እኔም ብቻዋን አትሁን ብዬ አብሬያት እቀመጣለሁ። ባቄላ የገባበት ቀይ የስጋ ሾርባ በፔርሙስ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷ ግን አትቀምሰውም። በሬዲዮ ሽመላዎቹ ኳስ ሲጥሉ አይደለም የምትደነግጠው። አምቡላንስ ሲያልፍ ነው።

መብረቁ የመጣ ቀን፣ ቅጠሉ ቢጫ መሆን በጀመረበት ሰሞን፣ ሙቀቱ የበጋ ነበር፤ አየሩ ታፍኗል። ከምዕራብ የመጣ ትልቅ ቡድን ሽመላዎቹን አሥራ ሰባት ለሦስት ይመራ ነበር። በሦስተኛው ሩብ መሃል ሰማዩ ከሩቅ አጉረመረመ። እኔና አርዲስ ተያየን። ልጆች ሆነን አጎታችን ዴል የበቆሎ ማሳ ውስጥ ትራክተር ላይ እንዳለ መብረቅ መትቶት አይተናል። እስከ ዛሬ ሰማይ ሲያጉረመርም ሁለታችንም እንደዚያው ልጆች ነን።

ድምፅ ማጉያው ጨዋታው ለጊዜው መቆሙን ተናገረ፤ ሁሉም ሰው ከመቀመጫው ወርዶ ከሲሚንቶው ጣሪያ ስር እንዲጠለል አዘዘ። ሕዝቡ እየሮጠ ወጣ። ዝናቡ በአንዴ ወረደ፣ ከፊታችን ያለው መውጫ እንኳ ጠፋብን። አርዲስ መስታወቱን በእጅጌዋ እየወለወለች ሰው ሁሉ ላይ ታፈጣለች። ከቀሪዎቹ አንድ ሁለቱ ሲወጡ አየን። ከዚያ ሌሎቹ፣ አንገታቸውን ሰብረው። ቨርሊን የለም።

ኦሪን ታክ መኪናችንን አንኳኳ። ከኮፍያው ውሃ ይንዠቀዠቃል። እንደ ነገረን፣ መጀመሪያ ላይ ቀሪዎቹ ተከራክረው ነበር፦ ጨዋታው ቆመ እንጂ አላለቀም፣ ስለዚህ መነሳት መነሳት ነው፣ አይደለም፣ ነው። አንዱ ነጎድጓድ ብረቱን ከሥራቸው ሲያንቀጠቅጠው ክርክሩ አለቀ፣ ሁሉም ወረዱ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ጥበቃው ሊያወርደው ወጥቶ ነበር፤ ሁለተኛ አልወጣም ብሎ ተመልሷል።

“ለመንኩት፣ አርዲስ” አላት ኦሪን ዓይኗን ማየት ፈርቶ። “አልነሳም ነው የሚለው።”

አርዲስ ሹራቧን አስቀምጣ በሩን ከፈተች። የት ነው የምትሄጂው ብዬ እጇን ያዝኩ። አስለቀቀችኝ። እህቴ ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ውስጥ የምትገባ፣ ስልክ እንኳ የማታነሳ ሴት ናት። ፈሪዋ አርዲስ ስትሮጥ ሳይ እኔም ያን ሞላላ ኳስ የፈለሰፈውን ሰው እየረገምኩ ተከተልኳት።

ቨርሊን ከላይ በኩል፣ ብቻውን፣ በዚያ ሁሉ ባዶ ብረት መሃል ተቀምጧል። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ባዶውን ሜዳ ያያል። ሜዳው ኩሬ ሆኗል። አርዲስ ደረጃውን ስትጀምር መደገፊያውን ያዘች፤ ብረቱን ልቀቂ ብዬ ጮህኩ። እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበችና በእጅና በጉልበቷ ወጣች። እኔ ከሥሯ ነኝ። ሰማዩ ብልጭ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ባለንበት እንተኛለን፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ጸሎት እንኳ ጠፋብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ የአጎቴ ስም ብቻ ነበር።

“ቨርሊን፣ ተነስ” አለችው።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሂጂ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። አሁን ያልፋል።”

“አንተ ደንቆሮ” አልኩት እኔ፣ “ዴልም ያልፋል ብሎ ነበር።”

አርዲስ ቆማ አየችው። ከዚያ አጠገቡ፣ እርጥቡ ብረት ላይ ቁጭ አለች፤ ዝናቡ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ ለጥፎታል።

“አርዲስ፣ አትቀልጂ።”

“አልቀለድኩም። መኪና ውስጥ ሆኜ ሬሳህን መጠበቅ ሰልችቶኛል። ከዚህ በኋላ አብሬህ ነኝ፤ የሚመጣው ለሁለታችንም ይምጣ።”

ቃሏን ሳትጨርስ ዓለም ነጣ። ድምፁ ከብርሃኑ ጋር እኩል ነው የመጣው። ከሜዳው ማዶ የውጤት ሰሌዳው ጢስ ተፋና ጠፋ። ጥርሴ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ተሰማኝ። ሞተናል ብዬ ነበር። ቀና ስል ቨርሊን አርዲስን በደረቱ ሸፍኗታል፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ያን ጊዜ ነው የተናገረው።

“ብነሳና ቢያሸንፉስ?” አለ።

እኔ የሰማሁት መሰለኝ እንጂ አላመንኩም። አርዲስ ምን አልክ አለችው።

“ዛሬ ብሄድና ዛሬ ቢያሸንፉስ? ያ ሁሉ ዓመት ምን ሊሆን ነው? የጆሊንን ኬክ ሳልቀምስ የሄድኩት ለምን ነበር? መሸነፋቸውንማ ለምጄዋለሁ፣ አርዲስ። በየሳምንቱ የምፈራው ይሄንን ነው።”

ሰውዬው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከብርድ አይደለም። የአርዲስ ጥርስ ይንገጫገጫል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ቨርሊን ከንፈሯን አየ። ካፖርቱን አወለቀና ጠቀለላት፣ ክንዷን ይዞ ተነሳ። ብረቱ ከማንሸራተቱ የተነሳ ሦስታችንም እንደ ሕፃን በመቀመጫችን ደረጃ በደረጃ እየተንሸራተትን ወረድን። ደግነቱ የሚያየን አልነበረም።

ወደ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ጎርፍ የዘጋውን መንገድ እየዞርኩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። አርዲስ መሃላችን ናት፤ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው በርቷል። ሬዲዮውን እሷ እንደተወችው ነበር። ድልድዩን ስንሻገር ሰማዩ ጠርቶ ጨዋታው ቀጠለ ተባለ። ወዲያው ሽመላዎቹ ኳሷን ነጥቀው እስከ ማዶው መስመር ሮጡና ሰባት ነጥብ አገኙ። አሥራ ሰባት ለአሥር። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ቨርሊን ተይው አለኝ። አርዲስ ተመለሺ ሬታ አለችኝ፤ እሱ ደግሞ ንጂ አለኝ። ነዳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሽመላዎቹ እንዲሸነፉ ጸልዬ አላውቅም፣ ጸሎቴን ሳይጠብቁ ነበር የሚሸነፉት። ያን ቀን ግን ከልቤ ጸለይኩ። እባክህ ዛሬ አይሁን፣ ሌላ ቀን፣ ዛሬ ብቻ አይሁን እያልኩ። መዝጊያ የሌለው በር እስኪመስል ድረስ ያ ትልቅ ቡድን ተከፈተላቸው፤ እኩል ሆኑ። ግቢያችን ገብቼ ሞተሩን ሳጠፋ የመጨረሻዋን ሦስት ነጥብ አገቡ።

ሃያ ለአሥራ ሰባት። በሬዲዮ የሚሰማው ጩኸት የሰው አይመስልም። ተንታኙ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቅልቆታል፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቀሪዎቹ ተቃቅፈው መዝሙሩን እየዘመሩ ነው አለ። ቨርሊንን ማየት ፈራሁ። እሱ ራሱ ጣቱን ዘርግቶ ሬዲዮውን ዘጋው። አርዲስን ደግፎ አስገባት፣ ውሃ አሙቆ እግሯን ነከረላት፣ በፎጣ አደረቀላት።

አርዲስ ጉንፋን እንኳ አልያዛትም። እሱም አላሳለው። ሐኪሙ የፈራው አልሆነም፤ የሆነው ሐኪም የማያውቀው ነገር ነው። ቨርሊን ዝም አለ። ኦሪን የድሉ መታሰቢያ ብሎ ከሜዳው የነቀላትን እፍኝ ሣር በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣለት። ተቀብሎ አመሰገነው፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ጋራዡ ውስጥ መብራት ሳያበራ ይቀመጣል። ስጋውን ቆርጦ ቆርጦ ይተወዋል። ጆሊን ስትደውል ደህና ነኝ ብሎ ስልኩን ለእናቷ ይሰጣል። ቅዳሜ ሲመጣ ሽመላዎቹ ሌላ ከተማ ይጫወቱ ነበር። አርዲስ በአጥሩ በኩል መጣች፤ በመብረቁ ቀን ደረጃውን ስትወጣ እንኳ ያላየሁባትን ፊት ይዛለች።

“ሬታ፣ ሬዲዮውን አልከፈተም” አለችኝ። “ሰዓቱ ደርሶ፣ አልፎ፣ ተኝቷል። ይሄንን ቡድን እንዲተው ጉልበቴ እስኪላጥ ጸልያለሁ። እግዜር ሰማኝ። አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?”

ከመብረቅ ቢያንስ ውረድ ሲባል ይወረዳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስ በቀስ የሚጠፋን ሰው ግን ከየት ነው የሚያወርዱት? አባታችን እርሻውን ሸጦ ከተማ የገባ ጊዜ እንደዚህ ነበር የተቀመጠው፤ በሚቀጥለው ፀደይ ቀበርነው። አርዲስም ይህንኑ እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቅዳሜ ሽመላዎቹ በሜዳቸው ነበሩ። ቀኑ ደረቅ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ሾርባዬን ይዤ ስደርስ አርዲስ ካፖርትና ጓንት ለብሳ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

“ልንሄድ ነው” አለችው።

“ምን ላደርግ? የሚታየው ታየ። ሰው ሁሉ አየ፣ እኔ ቀረሁ።”

“አንተ ተኛ። እኔ መቀመጫህ ላይ እቀመጣለሁ። ሬታም ትመጣለች።”

እኔ ይህን ቃል አልገባሁም ነበር፤ ግን ራሴን ነቀነቅሁ። ቨርሊን ቀና ብሎ አያት። ስታዲየሙ ውስጥ ከመብረቁ ቀን በቀር ገብታ አታውቅም። ብርዱን እንደማትችል ያውቃል፣ ስትናደድ ደግሞ እስከ መጨረሻው እንደምትሄድም ያውቃል። ቁልፏን አንስታ ወጣች። ሞተሩን ስታስነሳ ካፖርቱን በአንድ እጅጌ ለብሶ መጣ።

ደረጃውን ሲወጣ ቀሪዎቹ አዩትና አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። አንዱ አፉን ሊከፍት ሲል አርዲስ አየችው፤ ማየት ብቻ ነው ያየችው፣ ሰውዬው ሳል የመጣበት መስሎ አፉን ያዘ። ኦሪን ፈቀቅ አለ። ተቀመጥን። ብረቱ በካፖርት ውስጥ አልፎ ይሰማል። እንዴት ነው ሰው እዚህ ላይ ዕድሜ የሚፈጀው ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት።

ሽመላዎቹ ያሸነፉትን ረስተው እንደ ድሮው ሆኑ። በእረፍት ሰዓት ሃያ አራት ለዜሮ ነበር፤ ሕዝቡ ተነስቶ ሄደ። ቨርሊን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው እንደሌለበት ቤት ተቀምጧል። አርዲስ ሜዳውን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። የምታየው የእሱን ጉንጭ ነው፤ አንዳች ነገር እንዲንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ሦስተኛው ሩብ አለቀ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ይህ ሰው ሄዷል፣ እኛ ካፖርቱን ነው አምጥተን ያስቀመጥነው ብዬ በልቤ ለቅሶውን ጀምሬ ነበር።

ከዚያ አንዱ የሽመላዎቹ ልጅ ኳሷን መስመሩ አጠገብ ያዘ። እኔ ካለሁበት እንኳ እግሩ መስመሩ ውስጥ እንደነበር ይታያል። ዳኛው ወጥቷል ብሎ እጁን አወዛወዘ። አጠገቤ የሆነ ነገር ሲነሳ ተሰማኝ።

“ዓይንህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው፣ አንተ ዕውር?” አለ ቨርሊን። ድምፁ ከማዶው ባዶ መቀመጫ ተመትቶ ተመለሰ። “ና፣ የኔን መነጽር ልስጥህ። ና ውሰድ።”

ቀሪዎቹ ዞረው አዩት። ኦሪን ሳቀ። ቨርሊን ገና አልጨረሰም፤ የዳኛውን እናት ሊጨምር ሲል ሳሉ ያዘው፣ ከደረቱ ሥር የሚመጣው ሳል፣ ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ሳለ። ሳሉን እኔም ሰማሁ፣ አርዲስም ሰማች። ያ የሆስፒታሉ ኮሪደር በፊቷ ሲያልፍ አየሁት። ጓንቷን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች።

እሱ አፉን ጠርጎ ዞር ሲል አያትና ደነገጠ።

“ምን ሆንሽ? በርዶሽ ነው? ከፈለግሽ እንሂድ።”

“አልሄድም” አለችው። “ቁጭ በል፤ ገና አላለቀም።”